ባሕር ላይ የተበተነው ደብዳቤ፦ የደራሲዋ ሱዛና ሮውሰን ሕይወትና ሥራ



አንዲት የ15 ዓመት ልጅ መርከብ ውስጥ ቁጭ ብላ ለእናቷ ደብዳቤ ትጽፋለች። ከአዳሪ ትምህርት ቤት ኮብልላ ከአንድ ወጣት መኮንን ጋር ወደ አሜሪካ ልትሻገር ነው። መርከቡ ገና ከእንግሊዝ ጠረፍ አልራቀም። ልጅቱ ያደረገችውን ሳትደብቅ ትናዘዛለች፤ ይቅርታ ትለምናለች። ጽፋ ስትጨርስ ደብዳቤውን አጥፋ፣ ወደ የብስ እንዲልክላት ለመኮንኑ ትሰጠዋለች። እሱም ይቀበላታል። ይሁንና ወረቀቱ አባቷ እጅ ከገባ ምን እንደሚከተል ያውቃልና፣ ወደ መርከቡ ሰገነት ወጥቶ ይቀዳድደውና ቁርጥራጩን ባሕር ላይ ይበትነዋል። ልጅቱ ይህን አላየችም። ውቅያኖስ አቋርጣ፣ ኒው ዮርክ ገብታ፣ ወራት እየቆጠረች መልስ ትጠብቃለች። መልስ የሚባል ነገር አይመጣም።

ይህች ልጅ ሻርሎት ቴምፕል ትባላለች። በ1791 ለንደን ውስጥ የታተመ ልብ ወለድ ባለታሪክ ናት እንጂ በሥጋ የኖረች ሰው አይደለችም። እንዲያም ሆኖ አሜሪካውያን ከአያት እስከ ልጅ ልጅ አልቅሰውላታል፤ ኒው ዮርክ ውስጥ መቃብርዋ ነው ብለው አበባ አኑረውላታል። የዛሬው ዝግጅታችን ይህችን ልጅ በብዕሯ ስለወለደችው ሴት፣ ስለ ሱዛና ሮውሰን ነው። ሱዛና ልብ ወለድ ጽፋለች፣ ተውኔት ደርሳ ራሷ መድረክ ላይ ተጫውታለች፣ የዘፈን ግጥም ገጥማለች፣ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጅታለች። ከዚህ ሁሉ ጋር ለ25 ዓመት አስተምራለች። በዝግጅቱ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳውቃለን።

የአባቷ ስም ሃስዌል ነው። በ1762 በእንግሊዝ የወደብ ከተማ በፖርትስመዝ ተወለደች፤ እናቷ እሷን በወለደች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተች። አባቷ ዊሊያም ሃስዌል የንጉሡ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ሕፃኗን አሳዳጊ ዘንድ ትቶ በጉምሩክ ሥራ ወደ ማሳቹሴትስ ሄደ፤ እዚያም ሌላ ሚስት አገባ። ልጁን ሊወስዳት የተመለሰው በ1766 ነው።

ጉዞው በብርዱ ወራት ነበርና ማዕበል መርከቡን ከመንገዱ አስወጣው፤ ስንቅ አልቆ መንገደኞቹ በረሃብ ሊያልቁ ደረሱ። በጥር 1767 ቦስተን ደጃፍ ላይ ደረስን ሲሉ ደግሞ መርከቡ ሎቬልስ በምትባል ደሴት ዳርቻ ላይ ተሰካ። ሰዎቹ ሲወርዱ መሰላሉ በረዶ ጋግሮ ስለነበር እግር የሚይዝ አልነበረም። ትንሿ ልጅ ወገቧ ላይ ገመድ ታስሮላት ቁልቁል ተለቀቀች፤ ከታች ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚጠብቅ አንድ አረጋዊ መርከበኛ ተቀበላት። ሱዛና ይህን ትዕይንት አልረሳችውም። ከ25 ዓመት በኋላ ባሳተመችው «ርብቃ» በተባለው ልብ ወለዷ ውስጥ አስገብታዋለች።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት ደስ የሚሉ ነበሩ። ቤተሰቡ ቦስተን ወደብ መግቢያ አጠገብ ባለችው በናንታስኬት ኖረ። አባቷ ቤት ውስጥ መጻሕፍት ነበሩት፤ ልጅቱም ሼክስፒርንና ስፔንሰርን፣ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሱትን ሆሜርንና ቨርጂልን ሳይቀር 12 ዓመት ሳይሞላት አንብባለች ተብሎ ተጽፎላታል። በአካባቢው ያርፍ የነበረው የታወቀው ጠበቃ ጄምስ ኦቲስ ንባቧን አይቶ ትንሿ ተማሪው አድርጎ ይጠራት ነበር። ኦቲስ የእንግሊዝ መንግሥት የጉምሩክ ሹማምንት ቤት የሚበረብሩበትን ሥልጣን ፍርድ ቤት ቆሞ የተቃወመ ሰው ነው። የእሷ አባት ደግሞ የዚያው መንግሥት የጉምሩክ ሹም ነበር። በሰላሙ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ማዕድ ይቀመጡ ነበር።

በ1775 የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ሲነሳ ይህ ሁሉ ፈረሰ። ሃስዌል ለአሜሪካውያኑ የጠላት መንግሥት መኮንን ሆነ፤ ንብረቱ ተወረሰ፣ ቤተሰቡም በጥበቃ ሥር ከባሕር ዳር ወደ ውስጠኛው አገር ተወሰደ፤ መጀመሪያ ሂንግሃም፣ ከዚያ አቢንግተን። በሽታና ችግር ተፈራረቁባቸው። በ1778 በእስረኛ ልውውጥ ወደ ሃሊፋክስ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ ተሸኙ። ሱዛና 16 ዓመቷ ነበር። ያደገችበት አገር አባረራት፤ የተወለደችበት አገር ደግሞ አያውቃትም። አባቷ ታምሞና ደህይቶ ስለነበር የቤቱ ሸክም በእሷም ትከሻ ላይ ወደቀ። በባለጸጎች ቤት ልጆች እያስተማረች ቤተሰቧን መርዳት ጀመረች።

የመጀመሪያ መጽሐፏ «ቪክቶሪያ» በ1786 ወጣ። ያን ጊዜ ስም የሌለው ጸሐፊ መጽሐፍ የሚያሳትመው አስቀድመው ለመግዛት ቃል የሚገቡ ሰዎችን ስም እየሰበሰበ ነበር። ሱዛናም እንዲሁ አደረገች፤ መጽሐፉንም ለዴቮንሽር ዱቼስ ለጆርጂያና መታሰቢያ አደረገችው። በዚያው ዓመት ዊሊያም ሮውሰንን አገባች። ዊሊያም የብረታ ብረት ዕቃ ነጋዴ፣ በንጉሣዊው የፈረሰኛ ዘብም መለከት ነፊ ነበር። ትዳሩ ብዙ ድጋፍ አልሰጣትም። ንግዱ በ1792 ከሰረ፤ ከሌላ ሴት የወለደውንም ልጅ ያሳደገችው እሷ ናት። የራሷ ልጅ አልወለደችም። በጊዜው በነበረው የእንግሊዝና የአሜሪካ ሕግ ባለትዳር ሴት በስሟ ንብረት አልነበራትም፤ ጽፋ ያገኘችው ሳንቲም ሳይቀር በሕግ ዓይን የባሏ ነበር። ሱዛና ሮውሰን ዕድሜዋን ሙሉ ቤት ስታስተዳድር የኖረችው በዚህ ሕግ ሥር ነው።

አሁን ወደ ሻርሎት እንመለስ።

መጽሐፉ በ1791 ለንደን ውስጥ በሚነርቫ ማተሚያ ቤት ሲወጣ ብዙም ወሬ አላስነሳም። ታሪኩ ቀላል ነው። ሻርሎት በእንግሊዟ ቺቸስተር አዳሪ ትምህርት ቤት የምትማር፣ በወላጆቿ የምትወደድ ልጅ ናት። ሞንትራቪል የተባለ መኮንን ያያትና ይመኛታል። በር የምትከፍትለት ግን የልጅቱ የፈረንሳይኛ አስተማሪ ላ ሩ ናት። ሻርሎት ልቧ አልፈቀደም፤ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ልትመለስ ትሞክራለች፤ አስተማሪዋ ግን እጇን ይዛ ትወስዳታለች። በመጨረሻ ልጅቱ ከሠረገላው አጠገብ ራሷን ስታ ስትወድቅ ያው ሠረገላ ይዟት ይነጉዳል።

ኒው ዮርክ ከገቡ በኋላ ሞንትራቪል ሌላ፣ ባለጸጋ የሆነች ልጃገረድ ይወድዳል። ቤልኩር የተባለ ጓደኛው ደግሞ ሻርሎትን ለራሱ ስለፈለጋት ከዳችህ ብሎ ይዋሸዋል። ሞንትራቪል ያምንና ያገባል። ለሻርሎት የተወላትን ገንዘብ ቤልኩር ያስቀርባታል። ልጅቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ የቤት ኪራይ መክፈል አቅቷት ከቤት ትባረራለች። በበረዶ ውስጥ በእግሯ ተጉዛ የቀድሞ አስተማሪዋ ደጅ ትደርሳለች። ላ ሩ አሁን የሀብታም ሚስት ሆናለች። ሻርሎት እግሯ ላይ ወድቃ ስትለምናት፣ ይህችን ሴት አላውቃትም ብላ ከደጇ ታስወጣታለች። ሻርሎት በአንድ ድሃ አገልጋይ ጎጆ ሴት ልጅ ትወልዳለች። አንዲት ደግ ጎረቤት ቀደም ብላ ያስላከችላት ሌላ ደብዳቤ በስተመጨረሻ እንግሊዝ ደርሶ ስለነበር አባቷ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። የሚደርሰው ልትሞት ስትል ነው። ሕፃኗን አቅፎ ይመለሳል።

ዛሬ የሚያነበው ሰው እንባው በዛ ሊል ይችላል፤ ትክክል ነው፣ በዝቷል። ዓረፍተ ነገሮቹም የዚያ ዘመን ወግ የተጫናቸው ናቸው። ይሁንና ሁለት ነገር መጽሐፉን ከመሰሎቹ ይለየዋል። አንደኛው፣ ሞንትራቪል ክፉ ሰው ሆኖ አልተሣለም። የሚራራ፣ የሚጸጸት፣ ግን ደካማና ለራሱ የሚያደላ ወጣት ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ በየቤቱ አለ። ሁለተኛው የደራሲዋ ድምፅ ነው። ታሪኩን አቁማ ዞር ትልና አንባቢዋን ታነጋግራለች። ትዕግሥት ያጣችውን ወጣት ታረጋጋታለች፤ ይህን መጽሐፍ ለልጄ ልስጥ አልስጥ ብላ የምታመነታውን እናት ታሳምናለች፤ ይህ ሊሆን አይችልም የሚለውን ጎልማሳ ትሟገታለች። አንባቢዋ ብቻዋን በጧፍ ብርሃን የምታነብ ልጅ ብትሆን እንኳ አጠገቧ አንድ የሚያስብላት ሰው የተቀመጠ ይመስላታል። ደራሲዋ መጽሐፉን የጻፈችው የሚመክራቸው ዘመድ ለሌላቸው ልጆች መሆኑን በመቅድሙ ላይ ራሷ ገልጻለች።

በ1794 የፊላደልፊያው አሳታሚ ማቲው ኬሪ መጽሐፉን አሜሪካ ውስጥ አሳተመው። ከዚያ በኋላ የሆነው አስገራሚ ነው። ኬሪ በ1812 ለሱዛና በጻፈው ደብዳቤ ሽያጩ ከ50,000 ቅጂ እጅግ እንደሚበልጥ ነግሯታል። የአሜሪካ ሕዝብ ያን ጊዜ ከ7 ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም ነበር። መጽሐፉ እስከ ዛሬ ከ200 በላይ እትሞች እንዳሉት ይቆጠራል። በ1852 የሐሪየት ቢቸር ስቶው «የአጎት ቶም ጎጆ» እስኪወጣ ድረስ በአሜሪካ ልብ ወለድ ሽያጭ የሚስተካከለው አልነበረም። ለጸሐፊዋ ግን ከዚህ ሁሉ የደረሳት ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በ1790 የወጣው የአሜሪካ የደራሲ መብት ሕግ የሚጠብቀው የአገሩን ዜጎችና ነዋሪዎች ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ መጽሐፉን ያሳተመችው ገና ለንደን እያለች ነበር። ማንም አሳታሚ ሳያስፈቅድ ማተም ይችላል፤ አተሙትም።

ልብ ወለድ ማንበብ በዚያ ዘመን እንደ ነውር ይቆጠር እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ሰባኪውም አስተማሪውም ልብ ወለድ ልጃገረዶችን ያበላሻል ይል ነበር። በ1789 የታተመውና የመጀመሪያው የአሜሪካ ልብ ወለድ የሚባለው የዊሊያም ሂል ብራውን መጽሐፍም፣ ሃና ፎስተር በ1797 ያሳተመችው «ኮኬት»ም የተታለለች ሴትን ታሪክ እውነተኛ ታሪክ ነው እያሉ ነበር የቀረቡት። ሱዛናም የመጽሐፏን ንዑስ ርእስ «የእውነት ታሪክ» ብላዋለች። ውሸት ነው ለሚል የተዘጋጀ መልስ ነበር። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዋ ካቲ ዴቪድሰን በ1986 ባሳተመችው ጥናቷ የዚያን ዘመን የሻርሎት ቅጂዎች እያገላበጠች አንባቢዎች በኅዳጉ ላይ የተዉትን ጽሕፈት መርምራለች። ስማቸውን፣ የመጽሐፉን ባለቤትነት፣ ሐዘናቸውን የጻፉ ነበሩ። ብዙዎቹ ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ተበጣጥሰው ያለቁ ናቸው።

ሱዛና ወደ አሜሪካ የተመለሰችው በ1793 ነው፤ ያሻገራትም ቴአትር ነበር። የባሏ ንግድ ከከሰረ በኋላ ሁለቱም ኤዲንብራ ውስጥ መድረክ ላይ ወጥተው ሳለ ቶማስ ዊግኔል የተባለ የቴአትር መሪ ለአዲሱ የፊላደልፊያ ቴአትር ቤት ቀጠራቸው። ሲደርሱ ከተማዋ ቢጫ ወባ ገብቶባት ነበር። በዚያ ወረርሽኝ ከ50,000 ገደማ ነዋሪ ወደ 5,000 የሚጠጋው አልቋል። የቴአትር ቡድኑ ወደ አናፖሊስ ዞር ብሎ ቆየ፤ ቴአትር ቤቱ የተከፈተው በየካቲት 1794 ነው።

በዚያው ዓመት ሰኔ 30 ቀን «ባሮች በአልጀርስ» የተባለው የሱዛና ተውኔት ታየ። ወሬው ትኩስ ነበር። የአልጀርስ የባሕር ወንበዴዎች በ1785 ሁለት የአሜሪካ መርከቦችን ከ21 ሰዎች ጋር ማርከው ነበር፤ በ1793 ደግሞ 11 መርከቦችን ጨመሩ። ከመቶ በላይ መርከበኞች በእስር እየማቀቁ፣ ለቤዛቸው ገንዘብ በየከተማው ይዋጣ ነበር። ሱዛና በዚህ ወሬ ላይ ምርኮኛ ሴቶችን አቆመችበት። ኦሊቪያ የተባለችውን ራሷ ተጫወተች። ጨዋታው ሲያበቃ በደራሲነቷ ወደ መድረኩ ፊት መጥታ፣ ሴቶች ለመገዛት ብቻ አልተፈጠሩም የሚል መልእክት ያለው ግጥም ለተመልካቹ አሰማች።

ተውኔቱ እንከን አለበት። አይሁዳዊውን ገጸ ባሕርይና የአልጀርስን ሰዎች የሣለችበት መንገድ የዘመኑን ጥላቻ የተሸከመ ነው፤ አልጀርስ ስላለው ባርነት የሚጮኸው ያ መድረክም አሜሪካ ውስጥ በባርነት ስለሚማቅቁት አፍሪካውያን እምብዛም አልተናገረም። ከ11 ዓመት በኋላ ባሳተመችው የጂኦግራፊ መማሪያ ግን የባሪያ ንግድን በግልጽ አውግዛለች።

የመድረኩ ግጥም ዝም ብሎ አላለፈም። ዊሊያም ኮቤት የተባለው ብዕረ ስለታም ጸሐፊ በ1795 ባሳተመው በራሪ ጽሑፍ አላገጠባት፤ ሴት ወንድን ልትገዛ ነው ወይ ብሎ ቀለደ፤ የእንግሊዝ መኮንን ልጅ በአንድ ጀንበር እንዴት የአሜሪካ ወዳጅ ሆነች ሲልም ከሰሰ። የኮንግሬስ አባሉ ጆን ስዋንዊክ ለእሷ ወግኖ መልስ አሳተመ። ሱዛና በበኩሏ መጻፉን ቀጠለች። አሌክሳንደር ሬይናግል በዜማ ያወጣላት «አሜሪካ፣ ንግድና ነጻነት» የተባለው የመርከበኞች ዘፈኗ በሕዝብ አፍ ገባ። «የሰው ልብ ፈተናዎች» የተባለው ባለ 4 ቅጽ ልብ ወለዷም በ1795 ወጣ። ስለ ታማኝነቷ የሚጠይቃት ሰው ቢኖር ያደገችው ማሳቹሴትስ፣ የተባረረችውም በልጅነቷ ነው፤ ሁለቱንም አገር ወዳ ሁለቱም የገፏት ሰው ናት።

በ1796 ወደ ቦስተን ቴአትር ተዛወረች። በቀጣዩ ዓመት ያደረገችው ነገር ግን ድፍረት ይጠይቃል። መድረኩን ትታ በ1797 መገባደጃ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈተች።

ነገሩን በቦታው ላይ አድርገን እንየው። ቦስተን እስከ 1790ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቴአትርን በሕግ የከለከለች ከተማ ናት። ተዋናይት ማለት በጨዋ ሰው ቤት የማትጋበዝ ሴት ናት። በ1789 የወጣው የከተማዋ ሕግ ሴት ልጆችን የሕዝብ ትምህርት ቤት ያስገባው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ለስድስት ወር ብቻ ነበር፤ ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ይማራሉ። እንዲህ ባለ ከተማ አንዲት የትናንት ተዋናይት ልጆቻችሁን አምጡልኝ አለች። የጀመረችው በአንዲት ተማሪ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ 100 ያህል ተማሪዎች ነበሯት፤ ቦታ የሚጠብቁም ነበሩ።

ትምህርቱ ጥልፍና ፒያኖ ብቻ አልነበረም። ንባብ፣ ጽሕፈት፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና ታሪክ ይሰጥ ነበር። ለሙዚቃው ጀርመን ተወላጁን ጎትሊብ ግራውፕነርን የመሰለ ባለሙያ አመጣች። በየጊዜው ወላጆችና እንግዶች ይጋበዙና ልጃገረዶቹ በሰው ፊት ቆመው ድርሰት ያነባሉ፣ ግጥም በቃላቸው ይወጣሉ። ሴት በአደባባይ መናገሯ በሚያስነውርበት ጊዜ የ12 እና የ14 ዓመት ልጆች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መናገርን ተለማመዱ፤ ያስተማረቻቸውም መድረክን የምታውቅ ሴት ናት።

መማሪያ መጽሐፍ ሲያጥራት ራሷ ጻፈች። በ1805 የዓለም ጂኦግራፊ፣ በ1807 የፊደል አጻጻፍ መዝገበ ቃላት፣ በ1811 የተማሪዎቿን ንግግሮችና ግጥሞች የያዘ መድበል፣ በ1822 ደግሞ የታሪክ መልመጃና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄና መልስ አወጣች። የጂኦግራፊ ፍቅሯ ከቤት የመጣ ይመስላል። የአባቷ ልጅ ወንድሟ ሮበርት ሃስዌል ዓለምን በዞረችው የመጀመሪያዋ የአሜሪካ መርከብ በኮሎምቢያ ጉዞ ላይ በመኮንንነት ተሳትፎ፣ ያየውን በማስታወሻ የመዘገበ ሰው ነው።

ከተማሪዎቿ አንዷ ኤላይዛ ሳውዝጌት ትባላለች። ቤቷ ከቦስተን ርቆ በሜይን ነበር። ወደ ሱዛና ትምህርት ቤት ከመምጣቷ በፊት በሌላ ትምህርት ቤት ብዙ ተከፍታ ነበር። በ1798 መጀመሪያ ለአባቷ ደብዳቤ ጻፈች፤ ዕድሜዋ 14 ነበር። አዲሷ አስተማሪዋ ገር፣ ደግ፣ ሳይወዷት የማይሆን ሰው እንደሆነች ትነግረዋለች። ጥልፍና ጂኦግራፊ እየተማረች መሆኗን ታስታውቅና ሙዚቃ እንድትጨምር ፈቃዱን ትጠይቃለች። ይህ ደብዳቤ ባሕር ላይ አልተበተነም። አባቷ እጅ ደርሷል፤ ቤተሰቡም አስቀምጦታል፤ በ1887 ከሌሎች ደብዳቤዎቿ ጋር በመጽሐፍ ታትሞ ዛሬ ድረስ ይነበባል።

በሻርሎት ታሪክ ውስጥ ከሞንትራቪል ይልቅ ይቅር የማይባለው የአስተማሪዋ የላ ሩ በደል ነው። ልጅቱን በአደራ ተቀብላ አደራዋን የበላች እሷ ናት፤ በበረዶው ሌሊትም ደጇን የዘጋችባት እሷ ናት። ሱዛና ይህን ስትጽፍ ገና የ29 ዓመት ሴት ነበረች፤ ያን ጊዜ የራሷ ትምህርት ቤት አልነበራትም። ከ6 ዓመት በኋላ ግን የሌሎችን ልጆች በአደራ ተረከበች፤ አደራውንም እስከ 1822 ጠበቀች። ትምህርት ቤቱ ወደ ሜድፎርድ፣ ከዚያ ወደ ኒውተን፣ በ1807 ደግሞ ተመልሶ ወደ ቦስተን ሲዛወር ስሟ ከፊቱ ይሄድ ነበር። ይህን የሕይወቷን ክፍል ከልብ ወለዷ ለይተው የሚያዩ ጸሐፊዎች አሉ። ለእኛ ግን ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው፤ ለብቻዋ የቀረች ልጅን የሚያናግር ሰው መሆን።

ልብ ወለድ መጻፉንም አልተወችም። በ1798 ከኮሎምበስ ዘመን ጀምሮ የአንድ ቤተሰብን ትውልዶች የሚከተለው «ሩበንና ራሔል» ወጣ። በቦስተን ሳምንታዊ መጽሔት በተከታታይ የወጣ ሌላ ሥራዋ በ1813 «ሣራ» ተብሎ ታተመ፤ በመጥፎ ትዳር ውስጥ ስላለች ሴት የሚያወሳ ነው። ባሏ በ1802 የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ ቦስተን ጉምሩክ ውስጥ ጸሐፊ ሆነ። እሷም ማስተማሩና መጻፉ ሳይገታት፣ አባት የሌላቸውን ልጆችና መበለቶችን የሚረዳ የቦስተን ማኅበርም መርታለች።

ሱዛና ሮውሰን መጋቢት 2 ቀን 1824 ቦስተን ውስጥ አረፈች። ጠረጴዛዋ ላይ የሻርሎት ታሪክ ቀጣይ ክፍል ነበር። በበረዶው ሌሊት የተወለደችው ሕፃን ሉሲ አድጋለች፤ ሳታውቅ የአባቷን የሞንትራቪልን ልጅ ልታገባ ስትል እውነቱ ይገለጥና ትዳሩ ይቀራል። ሉሲ አታገባም። በመጨረሻ ለድሃ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ትከፍታለች። መጽሐፉ ከደራሲዋ ሞት በኋላ በ1828 ታተመ።

አስከሬኗ በወዳጇ በግራውፕነር ቤተሰብ መቃብር፣ ደቡብ ቦስተን በሚገኘው የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን ሥር አረፈ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1866 ፈረሰ፤ ከሥሩ የነበሩት አጽሞችም ማውንት ሆፕ ወደሚባል መካነ መቃብር ተወሰዱ። ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ በሚገኘው በትሪኒቲ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ አሌክሳንደር ሃሚልተን በተቀበረበት በዚያው አጸድ፣ ሻርሎት ቴምፕል የሚል ስም የተቀረጸበት ድንጋይ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ከሩቅ እየመጡ አበባ የሚያኖሩት እዚያ ነበር። ታሪኩ የሱዛና ዘመድ በሆነው በእንግሊዛዊው መኮንን በጆን ሞንትሬዘር ላይ የደረሰ ነው፤ በድንጋዩ ሥር የተኛችውም ሻርሎት ስታንሊ የተባለች ሴት ናት ይባል ነበር። በ2008 የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ድንጋዩን አንስተው ተመለከቱ። ከሥሩ መቃብር አልነበረም።

ድንጋዩ ዛሬም እዚያው ነው። ኒው ዮርክ የምትኖሩ ወይም የምታልፉ አድማጮቻችን ወደ ግቢው ገብታችሁ ስሙን ልታነቡት ትችላላችሁ። ስታነቡት ሱዛናንም አስታውሱልን።